የእታለም ጧፍ

የማኪናዬን የፊት መስታወት ከውስጥ በኩል እየወለወልሁ ነበር። ከውጭ የሚይዘው አቧራ ነው፤ ውኃ ካገኘ ይለቃል። ከውስጥ የሚይዘው ግን የሰው ትንፋሽ ነው፤ ቀስ ተብሎ በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገ ምልክቱ ይቀራል። የፊቱን ስጨርስ የጎኖቹን፣ በመጨረሻም የኋላዎቹን ጠረግሁ። መስኮቶቹ ሁሉ እንደሌሉ ሆኑ። ያን ጊዜ ባለቤቴን ወንጌላዊትን በጠራው መስታወት ውስጥ አየኋት፤ በራችን ላይ ቆማለች። መቼ እንደ ወጣች አልሰማሁም።

«ዛሬ ዛሪማ አትሄድም» አለች።

«ምነው?»

«እንግዳ መጥቶብሃል። ቀኑን ሙሉ ከተማውን አሳየኝ ይላል። ነገ ትሄዳለህ።»

የራሴ ማኪና አለችኝ፤ አንዲት አሮጌ ነጭ ኮሮላ። በእሷ እንግዳ እየጫንሁ ጎንደርን አስጎበኛለሁ። እንግዳ ሲገኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዛሪማ እታለም አለች።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን የትነበርሽን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ እሷ ዐሥራ ሰባት። ያሳደገችኝም፣ ያስተማረችኝም፣ የዳረችኝም እሷ ናት። ዓመት ሆናት፣ ጉበቷን ያማታል። በኅዳር ለቁስቋም ንግሥ መጥታ እኛ ዘንድ አደረች። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስትመለስ እስከ መናኸሪያ አደረስኋት፤ እንደ ልማዷ ከኋላ ወንበር የግራውን ጥግ ይዛ፣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ። ከመውረዷ በፊት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እስር ጧፍ አቀበለችኝ።

«የደብረ ብርሃን ሥላሴ ስለቴ ነው» አለች። «እኔስ ዳገቱን አልቻልሁትም። አንተ ዕለት ዕለት እዚያው ነህ። አግባልኝ።»

ዕለት ዕለት እዚያው ነበርሁ። ጧፉም ዕለት ዕለት ከእኔ ጋር ነበር፤ በማኪናዬ መሳቢያ ውስጥ። ግን ስለት እንደ ደብዳቤ በበር አይወረወርም፤ ቱሪስት አስከትዬ፣ ቁርሴን በልቼ፣ የማኪና ዘይት በሸተተ እጄ አላቀርበውም አልሁ። አንድ ቀን ጾሜ፣ ታጥቤ፣ ብቻዬን እመጣለሁ አልሁ። ያ ቀን ሳይመጣ ወር ሞላው። ባለፈው እሑድ ስደውልላት ድምፅዋ ከጕድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ጧፌ ገባልኝ?» አለች።

«ገብቷል» አልኋት።

ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ ደግሞ የዛሪማ ስልክ አልሠራም አለ።

የዚያን ዕለት፣ ታኅሣሥ ስድስት፣ ሐሳቤ ይህ ነበር። ምንም ሳልቀምስ ሥላሴ ሄጄ ጧፉን አገባለሁ። ከዚያ በደባርቅ አልፌ፣ ሊማሊሞን ወርጄ፣ ሳይመሽ ዛሪማ እደርሳለሁ። ፊቷን እያየሁ «ጧፍሽ ገብቷል» እላታለሁ። ያን ጊዜ ውሸቴ እውነት ይሆናል፤ በሕይወት ካገኘኋት።

«ነገ ሥላሴ ነው» አለች ወንጌላዊት። «በዕለቱ ብታገባው አይሻልም? አግብተህ ትሄዳለህ።» ይህን እያለች ቀርባ ኮሌታዬን አስተካከለች። የምታየው ኮሌታዬን ነበር። «ስልክህ ቻርጅ አልያዘም፤ እንደ ተሰካ ይዋል።»

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ከቤታችን ወጡ። ሰፊ ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው እስከ ጣታቸው ይደርሳል። በእጃቸው የወይራ ዱላ አለ።

«ዕንባቆም እባላለሁ» አሉ። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁ። ልጆቼ ‹ሳትሞት ጎንደርን እይ› ቢሉኝ ጊዜ መጣሁ።»

«እንኳን ደኅና መጡ፣ ጋሼ» አልሁና የኋላውን በር ከፈትሁላቸው። እንግዳ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። እሳቸው ግን በሩን መልሰው ዘግተው ከፊት፣ ከአጠገቤ ገቡ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ግራ እጃቸውን ወንበሮቻችን መካከል፣ የእጅ ፍሬኑ አጠገብ አኖሩ። ቀኑን ሙሉ ያ እጅ ከዚያ አልተነሣም።

መጀመሪያ ማደያ ግባ አሉኝ። «ሙላው» አሉ። ለከተማ ዙሪያ ሙሉ ነዳጅ አያስፈልግም ብላቸው «ሙላው» ብለው ደገሙት። ቀጥለው ፒያሳ ቁርስ ቤት አስገቡኝ።

«ብላ» አሉ።

«ጾመኛ ነኝ፣ ጋሼ። ምናልባት ዛሬ ስለት ላገባ እችላለሁ።»

«ጾሙን እኔ እይዝልሃለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። አንተ ብላ።»

ሽማግሌ ሰው በነቢያት ጾም ሌላውን በጧት «ብላ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። የቤቱ ባለቤት አንድ ሳሕን ፉል አመጣች። ያን ሳልጨርስ ሳላዝዛት ሁለተኛ አመጣች፤ ዳቦውን ቆርሳ ከፊቴ ደረደረችልኝ። ልጅ ሳለሁ እንጂ ከዚያ ወዲህ ዳቦ የቆረሰልኝ ሰው የለም። ቀና ስል ሁለቱም የእጆቼን እንቅስቃሴ እየተከተሉ ነበር። ወዲያው ሁለቱም ወደ መንገድ አዩ።

በፋሲል ግቢ በር ላይ ምንዳዬ አለ። ዘበኛ ነው፤ ጎረቤቴም ነው። ሲያየኝ ሁልጊዜ «ደግሞ ዛሬ ለስንት ሰው ልትዋሽ መጣህ?» ይለኛል። እኔም «አንተ ለሚስትህ ከምትዋሸው አይበልጥም» እለዋለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተባብለናል። ዛሬ ከወንበሩ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ግቡ» አለ። የሚያየው የኮፍያውን ውስጥ ነበር።

«ምን ሆንህ? ለስንት ሰው ልዋሽ አትለኝም?»

«ግባ በቃ፣ ክንዱ» አለ በቀጭን ድምፅ። «ግባ፣ ወንድሜ።»

ግቢው ባዶ ነበር። በጧት ብርድ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፤ የእኛ ኮቴ ብቻ ይሰማል። የዐፄ ፋሲልን ግንብ አሳየኋቸው፤ እንቁላል የመሰሉትን የማዕዘን ግንቦች፣ ንጉሡ ሕዝቡን ያዩበት ነበር የሚባለውን ሰገነት፣ የአንበሳውን ቤት። ሽማግሌው ግንቡን አላዩም። እኔን ያያሉ፤ ስዞር ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ያነሣሉ።

«ንጉሡ እዚህ ሲተኛ አይበርደውም?» አሉ።

«እሳት ይነድላቸው ነበር፣ ጋሼ።»

«እንጨቱንስ ማን ይፈልጥ ነበር?»

«እሱ አልተጻፈም።»

«የፈለጠ ሰው መች ይጻፋል!» ብለው ሣቁ፤ ሣቁም አልቆየ፣ መንገድ ላይ እንደ ቀረ ሰው ድንገት ጠፋ። «ሸጋ ነው፤ ቀጥል» አሉ።

የአዲስ አበባ ሰው «ሸጋ ነው» አይልም። ይህን አሰብሁና ተውሁት፤ እንግዳን ከየት እንደ መጣ መመርመር ሥራዬ አይደለም።

ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ለጥምቀት ውኃ የሚገባበት ጊዜ ገና ነውና ገንዳው ደረቅ ነበር። ሦስት አራት ሰዎች ወለሉ ላይ ሆነው ቅጠል ይጠርጋሉ፤ የመጥረጊያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ጠርዙ ላይ ስደርስ ድምፁ ቆመ። ሁሉም መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ ወለሉ ነው። የዛፎቹ ሥሮች የገንዳውን አጥር እንደ ጣት ጨብጠው፣ ድንጋዩን ፈልቅቀው ሊወስዱ የተዘጋጁ ይመስላሉ። «እንደምን አደራችሁ!» አልሁ። ድምፄ ባዶውን ገንዳ ዞሮ ወደ እኔው ተመለሰ። ሌላ የመለሰ የለም።

ስንወጣ በር ላይ አንዲት ሴት አየሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ስታየኝ ወደ ግንቡ ዞረች። እንደገና ስትዞር ነጠላዋ ደኅና ሆኖ ነበር፤ ጥለቱም ወደ ታች። ታየች ናት፤ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ የምትኖር።

«ማን ሞተ፣ እትዬ ታየች?» አልኋት።

«ማን ይሞታል! ቀሃ ኢየሱስ ልሳለም ነው። ነጠላዬን ነፋሱ አዞረብኝ።»

አንድ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

ማኪናዋ ዘንድ ስንደርስ ቁልፉን እንደያዝሁ ቆምሁ። የኋላው መስኮት፣ የግራው፣ ጉም ይዞት ነበር። መዳፍ የሚያክል ክብ፤ ዝቅ ብሎ፣ አጭር ሰው ጥግ ይዞ ግንባሩን ቢያስደግፍና ቢተነፍስ በሚደርስበት ልክ። ከውጭ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት፤ ከውጭ አይደለም። በሩን ከፍቼ ከውስጥ ጠረግሁት። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ሌሎቹ መስኮቶች ደረቅ ናቸው። ሽማግሌው ግን ከኋላ ተቀምጠው አያውቁም።

«ምነው?» አሉኝ።

«ምንም። ጉም ነው» አልሁ።

ወደ ሥላሴ ስንወጣ፣ ሳላስባት የቆየሁት ማስተዋል ትዝ አለችኝ። ማስተዋል አስተማሪ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ዳባት ወሰድኋት። እናቷ ሞታ ነበር፤ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው የወገኑን ሞት መስማት ያለበት ቤት ውስጥ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው እያለ ነው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ ይደብቃል። ለማስተዋል የተነገራት «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ብቻ ነበር። አጎቷ ከመነሣታችን በፊት ጎተት አድርጎ ሥራዬን አስጠናኝ። ነዳጅህን ሙላ፣ መንገድ ላይ እንዳትቆም። ስልኳን በዘዴ እንወስድባታለን። አብላት፤ ከነገ ጀምሮ እህል አይወርድላትም። ማስተዋል በመንገዱ ሁሉ ትሥቅ ነበር። ብርቱካን ልጣ እኩሌታውን ሰጠችኝ፣ በላሁት። እስክንደርስ ድረስ ፊቷን በመስታወት ማየት አልቻልሁም።

ይህ ለምን ዛሬ ትዝ አለኝ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን አውቀው ነበር መሰለኝ። ማርሽ ቀይሬ ዳገቱን ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጥድ ተከቦ ነበር፤ እንደ ወትሮው። ከሽማግሌው ጉልበት ፊት ያለውን መሳቢያ ከፍቼ ጥቅሉን አወጣሁ። ነገ ቢባልም ዛሬ እዚህ ደርሼ ጧፉን መሳቢያ ውስጥ ትቼ መግባት አልሆንልህ አለኝ። ሽማግሌው ጥቅሉን አዩት፤ የማን እንደሆነ አልጠየቁም።

«የእህቴ ስለት ነው» አልኋቸው። «ዛሪማ ናት። በጠና ታማብኛለች።»

እንዲህ ሲባል ጠላት እንኳ «እግዜር ይማራት» ይላል። ጠበቅሁ። ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ አንዲት ጠጠር ወዲያ ወዲህ አንከባለሉ።

«እንግባ» አሉ።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቄስ አዘዘ በሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ለጎብኚ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። የከተማው ወሬ የማይደርሳቸው፣ ጆሮአቸውም የደከመ አዛውንት ናቸው። ጥቅሉን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከደብተራቸው መካከል እርሳስ አወጡ። የዚያን ዕለት ዓይኔን ቀጥ ብለው ያዩኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

«ስለቱ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የእህቴ፣ አባ።»

«የክርስትና ስሟን ንገረኝ፤ በጸሎት እንድናስባት።»

«ወለተ ሥላሴ።»

ደብተሩ ሁለት ዓምድ ነበረው። እርሳሳቸውን በመካከል አቁመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁኝ፤ «ከሕያዋን ነው ከሙታን የምጽፋት?»

«ከሕያ...» አልሁ።

የሽማግሌው እጅ ትከሻዬን ያዘ። አላናወጠኝም፣ አልጎተተኝም፤ ያዘኝ ብቻ።

«ይቆይ፣ አባ» አሉ። «ስሟ ነገ ይጻፍ።»

ወደ ኋላ አልዞርሁም። ወደ ላይ ቀና አልሁ። ጣሪያው ላይ መላእክቱ በረድፍ በረድፍ አሉ፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ትልልቅ ዓይን። ልጅ ሳለሁ እታለም በጀርባዋ አዝላ እዚህ አምጥታኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ፈርቼ አለቀስሁ። «አትፍራ» አለችኝ፤ «ሰው ሲያፍር ዓይኑን ከሰው ላይ ያነሣል። እነሱ የሚያፍሩበት ነገር የለባቸውም።» በዚህ ቦታ ለብዙ ሺህ ሰው ስለ ቀለሙ፣ ድርቡሽን አባረረ ስለሚባለው የንብ መንጋ ተናግሬአለሁ። ጧት ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ግን ከዚህ ሽማግሌ ቄስ በቀር የጎንደር ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቷል፤ ሚስቴም፣ ምንዳዬም፣ ጠራጊዎቹም። መላእክቱ አላነሡም። ሁሉም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ያን ጊዜ አወቅሁ።

«እሺ፣ ነገ» አልኋቸው ለቄሱ። ጥቅሉን ይዤ ወጣሁ።

ማኪናዋ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ትንሽ ተቀመጥሁ። ነዳጁ፣ ፉሉ፣ ስልኩ፣ ኮሌታዬ። ወደ ዛሪማ ብነሣ ኖሮ ደባርቅ ላይ አንዱ መንገደኛ በመስኮት «ነፍስ ይማር» ይለኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሊማሊሞ ነው፤ ጠመዝማዛና ገደል። ከመሪ ኋላ ተቀምጬ እንዳልሰማው ነው ይህ ሁሉ። የሽማግሌው እጅም እንደ ጧቱ ከፍሬኑ አጠገብ ነበር። ስሰማ መሪውን ብለቅ ማኪናዋን የሚያቆመው እሱ ነው።

መጮህ እችል ነበር። በእጃቸው ላይ ማልቀስ እችል ነበር። ነገር ግን እንደገና ማስተዋልን አሰብሁ። ያን ቀን አውቃ ቢሆንስ? ብርቱካኑን የሰጠችኝ፣ የሣቀችው፣ ድካማችንን ከንቱ እንዳታደርግ ብላ ቢሆንስ?

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። የግራው መስኮት እንደገና ጉም ይዞታል፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ። ይህን ጊዜ አልጠረግሁትም።

«ቀጥሎ ቁስቋም ነው፣ ጋሼ» አልሁና አስነሣሁ።

ቁስቋም ላይ አንዲት ቃል አላጎደልሁም። የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ግንቡ ላይ የተቀረጸውን መስቀል፣ አዳራሹን ሁሉ አሳየሁ። ጣሪያ የለውም፤ መስኮቶቹ ሰማይ ያሳያሉ። ቁራዎች በአንዱ ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ድምፄ ያለ እኔ ይናገር ነበር፤ ከጎን ሆኜ አዳምጠው ነበር። በዚህ በኩል ግብር ይበሉ ነበር አለ። በዚህ በኩል ይተኙ ነበር አለ። ሽማግሌው የወደቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ይብቃን፣ ልጄ» አሉ። «ወደ ቤትህ እንግባ።»

«ገና ነው፣ አያ ዕንባቆም» አልሁ። «ከዛሪማ የሚመጡት ይህን ጊዜ ሊማሊሞን እየወጡ ነው። አልደረሱም።»

እጅጌያቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅህ?»

«ከሥላሴ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«እርስዎስ ምነው ዝም አሉ?»

«እኔማ ታዝዤ ነው። እዚሁ ማክሰኝት ነው ያለሁ፤ የእህትህ ባል አጎት ነኝ። ይህም ኮት የተውሶ ነው።» እጅጌውን ሰበሰቡት። «አዲስ አበባን በዓይኔ አላየኋትም።»

«አውቄአለሁ።»

«እንዴት?»

«የፈለጠ ሰው መች ይጻፋል ያሉ ጊዜ። የአዲስ አበባ ጡረተኛ ስለ እንጨት ፈላጭ አይጨነቅም።»

ሣቅ ሊሉ ሞከሩና ተዉት። «እኔ ግን ምንም አልነገርሁህም» አሉ። «የሚነግሩህ ነገ በጎሕ ይነግሩሃል። አንተም እንዳልሰማ ሆነህ ትነሣለህ። እንደ ወጉ ነው።»

«እንደ ወጉ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ስለ ጧፉ ምን ብላ ነበር?»

ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መልእክተኛው እንዳለኝ» አሉ፣ «‹ወንድሜ ጧፌን አግብቶልኛል› እያለች ነበር አሉ። ለመጣው ሁሉ ትናገር ነበር። በዚህም ዐርፋ ነው የተኛች አሉ።»

እህቴ በውሸቴ ላይ ራሷን አስደግፋ ሄዳለች። ነገ በጎሕ መርዶ ከተረዳሁ በኋላ ሐዘንተኛ ነኝ፤ ከድንኳን ስንት ቀን እንደማልወጣ አላውቅም። ውሸቱ ያን ሁሉ ቀን ከእሷ ጋር ሊቆይ ነው። በወዲያኛው ዓለምም «ገብቷል» እያለች ትናገር ይሆናል፤ የሚያውቁትም ዝም ብለው ይሰሟት ይሆናል፤ ዓይናቸውንም ከእሷ ላይ ያነሡ ይሆናል።

«አያ ዕንባቆም፣ ሥላሴ ሳይዘጋ መድረስ አለብን።»

ተነሥተው ከእኔ ቀድመው ወደ ማኪናዋ ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ከፍሬኑ አጠገብ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከተማውን አቋርጠን ወጣን። ከኋላችን፣ ከግራው ጥግ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ዓይነት ቀስ ያለ ትንፋሽ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። አያ ዕንባቆምም አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው አዩ፤ ነጠላ እንደሚያስተካክል ሰው ኮታቸውን ሰብስበው መልሰው ወደ ፊት ተቀመጡ።

ቄስ አዘዘ በሩን በቁልፍ እየዘጉ ነበር። ሲያዩኝ ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡ።

«ነገ አላልህም፣ ልጄ?»

«ነገ አልመችም፣ አባ። አሁን ይጻፉልኝ። ወለተ ሥላሴ።»

እርሳሱን በምራቃቸው አራሱ። የትኛው ላይ ብለው አልጠየቁም፤ ቀና ብለው ዓይኔን አዩ። እኔም ዓይኔን አላነሣሁም። ከዚያ በቀኝ በኩል ባለው የሙታን ዓምድ፣ በረጅሙ ዝርዝር መጨረሻ፣ ስሟን ጻፉ። ጧፉን ከጨርቁ አውጥተው አንዱን ነጥለው አሸተቱት፤ «ንጹሕ ሰም ነው» አሉ። በሩን እንደገና ከፍተው ገቡ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። በጨለማው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብርሃን በራች፤ ከላይ ያሉት ዓይኖችም አንድ በአንድ እየወጡ ታዩኝ።

ቄሱ ሲመለሱ ጨርቁን ሰጡኝ። «ገብቷል» አሉ።

ወደ ማኪናዋ ተመለስሁ። አያ ዕንባቆም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ብዙ ቆይቷልና ከኪሳቸው ያወጡትን ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ጥቂት ዘገኑልኝና ተቀበልሁ። የኋላውን በር ከፍቼ የግራውን መስኮት አየሁት። ጥርት ያለ ነበር፤ ምንም የለበትም። በእጄ መዳፍ ነካሁት፤ ደረቅ ነው፤ ይቀዘቅዛል።

ከፊት ገብቼ ተቀመጥሁ። ነጩን ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጥግ ከጥግ ገጠምሁት፤ ለሁለት አጠፍሁት፣ እንደገና ለሁለት። መሳቢያው ውስጥ፣ ጧፉ በነበረበት ቦታ፣ አስቀመጥሁትና ዘጋሁት።